ጭስ የማይጠጣው ጋን

መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ውስጥ «ጡረታ ወጥቻለሁ» ያለ ሰው ወዲያው «ከየትኛው መሥሪያ ቤት?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔ «ከጭቃ» እላለሁ። ጠያቂው ትክ ብሎ ያየኝና የቀለድኩ መስሎት ይስቃል። እውነቴን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬ ከጭቃና ከቀለም ነበር፤ የእጄ አንጓዎች ማበጥ ሲጀምሩ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማቡካትም ማንሳትም የለም» አለኝና ሥራው አበቃ። አሁን በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ በቀጭን ብሩሽ ትንንሽ ሥዕል እሥላለሁ፤ በገበያ ቀን ወርጄ የሰው ዕቃ እያንኳኳሁ እመለሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው። ይህን ከመነሻው መናገሩ ይሻላል፤ ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ ሰው ትዝታዬን ልጻፍ ሲል አንባቢ መሐረቡን ያዘጋጃልና።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ከገበያው በላይ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቀረብ ብሎ ነበር። የሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ደግሞ ከገበያው በታች፣ ጅረቱ ዳር። መንገዱ አጭር ነው፤ የቄስ ልጅ ግን አትሄድበትም። የእኛ ሰው ከሸክላ ሠሪ ድስቱንም ጋኑንም ይገዛል፣ ዓይናቸውን ግን ይፈራል፤ «ሰው ይበላሉ» ይላል። አንድ ቀን እናቴ የታዘዘ ድስት እንድናመጣ እኔንና የአክስቴን ልጅ አስካለን ላከችን። አስካለ ከአጥሩ ውጭ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆመች። እኔ ገባሁ።

እትዬ ብርቄ የምትባለው ሸክላ ሠሪ ስታየኝ ብድግ ብላ እርጥቦቹን ዕቃዎች በአሮጌ ጨርቅ መሸፈን ጀመረች።

«ለምንድን ነው የምትሸፍኛቸው?» አልኳት።

«ዓይን እንዳይበላብኝ ነዋ።»

«የማን ዓይን?»

«የእናንተ! እናንተ የእኔን ትፈራላችሁ፣ እኔ የእናንተን። እርጥብ ሸክላና አራስ ልጅ ለሰው ዓይን አይሰጥም።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ሳቀች። በዕድሜ ከእናቴ ትበልጥ ነበር፤ እኔ ግን «አንቺ» አልኳት። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪን አንቱ የሚል አልነበረም። በኋላ ልቤ ሲያውቅ አንቱ ልላት ብሞክር «ምነው ተቀየምሽኝ?» አለችኝና በዚያው ቀረ፤ አንቺነቱ የቅርበት ሆነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ ልቅዳ ብዬ ስወጣ መንገዴን አጥፌ ወደ እሷ መሄድ ለመድሁ። አስካለ ከአጥሩ ውጭ ሆና ሰው ሲመጣ ለማስጠንቀቂያ ትስል ነበር። ብርቄ ስትሠራ አትቀመጥም። ጭቃውን መሬት ላይ ታኖርና ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ትዞረዋለች፤ አንዱ እጇ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። ጋን ሲሆን መጀመሪያ አፍና አንገቱን፣ ከዚያ ሆዱን ትሠራለች፤ ጠነከር ሲልላት ትደፋውና ታቹን ትዘጋለች። ስትዞር እግሯ መሬቱን ክብ አድርጎ ደልድሎት ነበር፤ ሣር እንኳ አይበቅልበትም።

ከልማዶቿ ሁሉ የማልረሳው ገል መልቀሟን ነው። ሰው ቤት ዕቃ ተሰበረ ሲባል ከሰማች ጆንያዋን ይዛ ትደርሳለች። ሰዉ ስብርባሪውን ምን ልታደርግበት ነው እያለ ያማታል፤ እሷ ግን ቤቷ ወስዳ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ በወንፊት ነፍታ ከጭቃው ጋር ትለውሰዋለች። «ገል ያልገባበት ጭቃ እሳት አይችልም፤ ይሰነጠቃል» ትለኝ ነበር። «እኔ ሰው አልበላም። የሰው አሮጌ ዕቃ ነው የምበላ።»

አባቴ አንድ ቀን «ወይንሸት፣ እስቲ እጅሽን» አሉኝ። ዘረጋሁ። ጥፍሬ ውስጥ የደረቀውን ጭቃ አገላብጠው አዩ። በመጨረሻ «ስትታጠቢ ጥፍርሽን አትርሺ። እናትሽ ታይብሻለች» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ማኅሌት ሄዱ። አባቴን የወደድኩበትን ቀን ንገሪን ብባል ይኼ ነው።

ሥዕል ስለሚያሳብደኝ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተማርኩ፤ ከዚያ ለትምህርት ስዊድን ሄድሁ። እዚያ ሳለሁ የአገሩ ነገር ተለዋወጠ፣ መመለሻውም ራቀ። የሳህንና የኩባያ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ሥራዬ በነጭ ሳህን ጠርዝ ላይ ሰማያዊ አበባ መሣል ነበር። ስንቱን ሳህን እንዳበብኩ እግዜር ይቁጠረው። ደመወዙ ደግ ነበር፤ ጡረታውም ዛሬ ሞላሌ ድረስ ይመጣል፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

አለቃዬ ጉናር የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሳህን ሲሰጡት መጀመሪያ ገልብጦ ታቹን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ሥዕሉን የሚያየው በኋላ ነው። ከአፉ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና «መጥፎ አይደለም» ነበር። ጓደኞቼ ይናደዱበታል፤ እኔ ግን መንዝ ስላደግሁ አልደነቀኝም። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው የሚቦካበትን ክፍል ሲያሳየኝ ጥግ ላይ ጆንያ አየሁ፤ ውስጡ የጡብ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የተሰበረ ሸክላ። ፈጭተን ከአዲሱ ጋር እንቀላቅለዋለን፤ ካለዚያ ይሰነጠቃል» አለኝ።

እዚያው ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ጉናር ውኃ አመጣልኝ፤ አመመኝ መስሎት ነበር። ከባሕር ማዶ ያ ሁሉ ማሽን ተደርድሮ እትዬ ብርቄን ማግኘቴን በምን ቋንቋ ላስረዳው?

ፋብሪካው ሲዘጋ ከመጋዘኑ አንዱን ክፍል ተከራይቼ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። የእናቴን ባና፣ ያን በበግ ጠጉር የሚሠራውን ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያለበትን ልብስ፣ በሸክላ ገበታና በእንስራ ላይ ሣልኩት። የድንጋይ ቤቶቻችንን ሣልኩ። በትልቅ ሸራ ላይ ደግሞ እትዬ ብርቄን ከጀርባዋ፣ ጋን ላይ ጎንበስ እንዳለች ሣልኳት። አዋቂ ነን የሚሉት «ፊት የነሣሻት የተረሱ ሴቶችን ለማመልከት ነው አይደል?» ይሉኛል። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ፊቷ ጠፍቶብኛል። እጇን፣ ጀርባዋን፣ የነጠላዋን አስተሳሰር አስታውሳለሁ፤ ፊቷን ግን ብል ብል አልመጣ አለኝ። ይህ ነገር ያሳዝነኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሥራዬ ታወቀ። በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጋን ሠርቼ አቀረብኩ። ከፍ ያለ ነጭ መቆሚያ ላይ አኖሩት፣ መብራት አበሩበት፣ ከፊቱ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ አስቀመጡ። አንዲት አሮጊት ቀረብ አሉና «ውስጡ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

እሳቸው «እ» ብለው ወደ ሌላው ሄዱ። እኔን ግን ያ ቃል አልለቀቀኝም። ጋን ሠርቼ ውስጡ ምንም! የሞላሌ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል? በዚያ ሰሞን ነው አንድ ነገር የተመኘሁት። ከመሞቴ በፊት አንድ ዕቃዬ አገሬ ገብቶ ሥራ ይሥራ አልሁ፤ ይታይ አላልሁም፣ ይሥራ።

ምድጃዬንና ሸራዎቼን አስጭኜ ስመለስ ከገበያው በታች ያለው ሰፈር ባዶ ነበር። ብርቄ ዐርፋለች። ልጆቿም ሌሎቹም አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ገሚሶቹ ሸክላውን እዚያ ይሠራሉ፣ ገሚሶቹ ሠሪ መሆናቸውን እንኳ አያነሡም። በዚያ ማዶ ሆኜ ስሥለው የኖርኩት ነገር እዚህ አልነበረም። ሸራውን ቤቴ ግድግዳ ላይ ስሰቅል አስካለ ገባች፤ አርጅታለች፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«እትዬ ብርቄ!» አለች። «ጀርባዋ! ውይ፣ ነጠላዋን እንዲህ ነበር የምትቋጥረው!»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። መሐረቡ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የደብራችን ሰንበቴ አባላቱ በየተራ ጠላና ዳቦ እያወጡ ከቅዳሴ በኋላ አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ጠላ የምትጠምቅላቸው አስካለ ናት፤ በጠላዋ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ስሟ ይታወቃል። ሰንበቴ ቤቱ ስገባ በጋኑ ቦታ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆሟል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አባባ ሽፈራው ፊቴን አይተው ሳቁ።

«ጋኑ ተሰበረ፣ ሠሪም ጠፋ። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ ይባል ነበር፤ አሁንማ ምንቸቱም አለቀ፣ በርሜል ሆነናል።»

«እኔ እሠራላችኋለሁ» አልኩ። አፌ ከእጄ ቀደመ።

በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ሠራሁት፤ መብራቱ ሲጠፋና ሲመጣ ስንቴ አንጀቴን አሳረረው። የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩበት። ውስጡንም ውጭውንም መስታወት የሚመስል ጥቁር ቅብ ቀባሁት፤ በሆዱ ዙሪያ የባናውን ነጭ ሸንተረር ሣልኩበት። ለንግሥ በዓል ደረሰ። ወጣቶች በወሳንሳ ተሸክመው ሲያስገቡት ሴቶቹ እልል አሉ።

አስካለ እንደ ደንቡ በግራዋ ቅጠል አጠበችው፤ ከመርሐቤቴ በኩል፣ ከዓለም ከተማ ገበያ የመጣ የወይራ ፍልጥ አጭሳ ጋኑን ደፋችበት። ጠላ ያለ ወይራ ጭስ ጠላ አይደለም። ሲበቃው አነሣችውና ጣቷን ውስጡ አሸት አድርጋ አየችው። ጣቷ ጥላሸት ብቻ ሆነ።

«ወይኒ፣ ይኼ ጋን ጭስ አይጠጣም እንዴ?»

«ይጠጣል፣ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። እኔ የቀባሁት ቅብ ሸክላውን ደፍኖት ኖሯል፤ ጭሱ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። እንደ ቅጥራን ላዩ ላይ ተለጥፎ ቀረና ጠላው ሲገባበት ተንሳፈፈ። በበዓሉ ቀን፣ ከዘመሮና ከመሐል ሜዳ እንግዳ መጥቶ፣ ካህናቱ ተቀምጠው ጠላው ተቀዳ። ሰዉ አንድ አንድ ጉንጭ እየጎነጨ ጣሳውን አጠገቡ አስቀመጠ። አመድ አመድ ይል ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረም። አባባ ሽፈራው ጢማቸውን ጠረጉና «ጋኑስ ያምራል» አሉ። መንዝ ውስጥ እንዲህ ከተባለ ነገሩ አልቋል።

የከፋው በኋላ የመጣው ነው። ሰዉ ጋኑን አልጠረጠረም፤ እንዲህ ያማረ ጋን ምን በወጣው! «አስካለ አረጀች፣ እጇ ከዳት» ተባለ። ለሚቀጥለው ወር ጠማቂ ሌላ ሰው ይታሰብ ሲባልም ሰማን። አስካለ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች፤ አልቀመጥም አለች።

«አይ እቴ፣ ስሜን አጠፋሽው። ልጆቼን ያሳደግሁበትን ጠላዬን ድፍት አደረግሽው።»

«የጋኑ ጥፋት ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው! ለእኔ ብለሽ የተናገርሽ ይመስላቸዋል። ወሬ ስም አይመልስም፤ ጠላ ነው የሚመልስ።»

ልክ ነበረች። እኔም ያኔ አንጓዎቼ ማታ ማታ ይነድዱ ነበር፤ ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮኛል። ቢበዛ አንድ ጋን የምሠራበት ጉልበት ቀርቶኝ ይሆናል፣ እሱም ከሆነ ነው። ይኼኛው ከተሰነጠቀ የአስካለም ስም፣ የእኔም ምኞት በርሜል ውስጥ ይቀራል።

ምድጃውንም ቅቡንም ተውኩ። ጭቃውን ከጅረቱ ማዶ፣ ብርቄ ትቆፍርበት ከነበረው ቦታ አስመጣሁ። የጎደለው ገል ነበር። ሞላሌን ዞርኩ፤ አሁን የሚሰበረው ሁሉ ፕላስቲክና ብርጭቆ ነው። በመጨረሻ አስካለ ጓሮ ስገባ ዶሮዎቹ ውኃ የሚጠጡበትን አየሁ፤ የጋን ታች፣ ወፍራም፣ በወይራ ጭስ የጠቆረ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«የሰንበቴው ነዋ። የድሮው። ሲሰበር ማን ይጥለዋል ብዬ አመጣሁት። ብርቄ የሠራችው እኮ ነው።»

«ስጪኝ።»

«ዶሮዎቼስ በምን ይጠጡ?»

ቤቴ ሄጄ የባና ሸንተረር የሣልኩበትን ገበታ አመጣሁላት፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎበት የነበረውን። ዶሮዎቹ ቅንጣት ሳያንገራግሩ ጠጡበት። ውድ ዕቃ ነው ብላቸውም አይሰሙኝም ነበር።

መውቀጡ ለእጄ ከበደ። አስካለ ሳልጠይቃት ዘነዘናውን ከእጄ ቀማችና ጌሾ እንደምትወቅጥ ወቀጠችው፤ ተቆጥታም ስለነበር ገሉ ደህና ላመ። እኔ ነፋሁ፣ ለወስኩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላዬ መራመድ ጀመርኩ። አንጓዬ ቢጮህም እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር። አንገቱ ቆመ፤ ሆዱ ሰፋ። ደፍቼ ታቹን የዘጋሁ ዕለት እኔና አስካለ ሳንነጋገር ነጠላችንን አውልቀን አለበስነው። አባባ ሽፈራው ወሬ ሰምተው ሊያዩ መጡ፤ አስካለ በሩ ላይ ተገተረች።

«አባባ፣ ዓይንዎ ከባድ ነው። ይመለሱ!»

«የእኔ ዓይን? አስካለ፣ እኔ እኮ የሰንበቴው ሙሴ ነኝ!»

«ለዚያ ነው የከበደው» አለችና መዝጊያውን ገፋችባቸው።

ያቃጠልነው ከጅረቱ ዳር፣ በአሮጌው ጉድጓድ፣ በኩበትና በገለባ ነው። ነፋስ ተነሣና ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን አጋደለው። አስካለ ድንግል ማርያምን ትለምናለች፣ እኔ ኩበት እጨምራለሁ። አመዱ በረድ ሲል ጋኑ ወጣ፤ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው እሳት የላሰው ጥቁር። ሸንተረር የለው፣ ቅብ የለው፣ ስሜም የለበት። በጣቴ አንኳኳሁት። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በአተላ ተሟሸ፣ በግራዋ ታጠበ፣ ወይራው ላይ ተደፋ። አስካለ አነሣችው፤ ጣቷን ውስጡ አስገብታ አሸችና አወጣችው። ቀለም የለበትም፤ ይሸታል እንጂ።

«ጠጣ!» ብላ ጮኸች። «ወይኒ፣ ጠጣ እኮ!»

ቆንጆው ጋን አልተጣለም። ሰንበቴው ስንዴ ያስቀምጥበታል፤ አይጥ ሊወጣበት ሲሞክር ያንሸራትተዋል ይሉኛል። እንደ ጉናር አባባል መጥፎ አይደለም።

አስካለ «አንዴ ብቻ ልጥመቅ» ብላ ባስፈቀደችበት የሰንበቴ ቀን አዲሱ ጋን በጨለማው ጥግ ቆመ። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ አባባ ሽፈራው ጠጠር ፈልገው ከሥሩ ወሸቁለት፤ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እያሉ። ሌላ ምንም አላሉትም። ጠላው ተቀዳ። ካህናቱ ጠጡ፣ እንግዶቹ ጠጡ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ የሰዉን ጣሳ እከታተላለሁ፤ አንዱም መሬት አልነካም። አባባ ሽፈራው ጨለጡና ጢማቸውን ጠረጉ።

«አስካለ፣ ዛሬ ጌሾው በርታ አላለም?»

«ጌሾው ልኩ ነው። በርሜል ለምደው ምላስዎ ፈዞ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «እንግዲያው ድገሚኝና ይለይ» አሉ። ሌላውም ጣሳውን ዘረጋ። ስለ ጋኑ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ከዘመሮ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲደክማቸው ጀርባቸውን አስደግፈውት ተቀመጡ።

ጠላው ወደ ማለቁ ሲል አስካለ ሽማግሌውን ገለል አደረገችና ጋኑን በሁለት ክንዷ አቀፈችው፤ ጉንጯን ከአንገቱ ላይ አሳርፋ፣ እያቃሰተች አዘነበለችው። እኔ እሷን አያለሁ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለችኝ። «ጣሳሽን አቅርቢ እንጂ!»